በጄሶ የተደፈነ ሶኬት

እርጥብ ጄሶ ሲሸተኝ ደሜ ይፈላል። ሌላውን ሰው በርበሬ ያስነጥሰዋል፣ ናፍጣ ራሱን ያዞረዋል፤ እኔን የሚያናድደኝ ጄሶ ነው። ምክንያቱን ልጆቼ አያውቁም፤ "ማማ ቤት ሲለሰን አትወድም" ብለው ይስቃሉ። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ባለው ቤቴ ግቢ ውስጥ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ያ ሽታ መጣብኝ። ከሰርቪስ ቤቶቹ በኩል ነው። ሰርቪሶቹን ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ በድንጋይ ያሠራቸው ናቸው፤ አሁን የመጀመሪያው ልጃችን ክፍሎም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያከራያቸዋል። የሚያድሰውም፣ የሚጠግነውም፣ ተከራይ የሚያስገባ የሚያስወጣውም እሱ ነው። እኔ "ማማ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ" ተብያለሁ። እሺ ብዬም አርፌ ተቀምጬ ነበር።

አንሶላውን ዘርግቼ ሳልጨርስ አዲሷ ተከራይ መጣች። ሜሮን ትባላለች፤ ከሆሳዕና የመጣች የጤና ተማሪ ናት፤ የገባችውም ያንኑ ዕለት ጠዋት ነው። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ "እማማ፣ መዶሻ ይኖርዎታል?" አለችኝ።

"አለኝ። ለምንሽ ነው?"

"ጋውኔን የምሰቅልበት ምስማር ልመታ ነበር። ሰኞ ሆስፒታል እንወጣለን፤ ታጥፎ ሲቀመጥ ይጨማደድብኛል።"

መዶሻውን አምጥቼ ልሰጣት እጄን ዘርግቼ ሳለሁ ሽታው እንደገና መጣ። እንጃ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ። "ቆይ፣ የቱ ጋ እንደምትመቺው አሳዪኝ" አልኳትና ተከትያት ገባሁ። ከአልጋዋ ራስጌ ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታክል ነጭ ነገር ተለጥፋለች፤ ገና አልደረቀችም። ሜሮን ጣቷን እዚያችው ላይ አድርጋ፣ "ሌላው ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ሞክሬው ምስማሩ ታጠፈብኝ። እዚህ ጋ ግን ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይገባል" አለችኝ። ምስማሩን ከእጇ ላይ ነጠቅኳት። "ነይ ውጪ። ያንን ግድግዳ እንዳትነኪው" አልኳት። የተቆጣኋት መስሏት ፊቷ ተለዋወጠ። ልጄ፣ አንቺን አልነበረም የተቆጣሁት።

ክፍሎም ሓድነት ሰፈር የብረታ ብረት ሱቅ አለው። ደወልኩለት። "አሁን ና" አልኩት። "ምን ሆንሽ?" አለኝ። "ምንም አልሆንኩም፤ ና" ብዬ ዘጋሁት። ከሓድነት እስኪደርስ ከሜሮን ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። መዶሻውን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ ምስማሩን በጣቶቼ መሃል እያሽከረከርኩ፣ ሄድኩ ወደ ኋላ። ልሂድም ብዬ አይደለም፤ ጄሶው ነው የወሰደኝ።

ያኔ መቀሌ እንዲህ አልነበረችም። ይህን ስል የዛሬ ልጆች ዐይናቸውን ያገላብጣሉ፤ ያገላብጡ። ከደብረ ብርሃን የመጣሁት ታይፕ ተምሬ ለአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተመድቤ ነው። ጥሩወርቅ የምትባል አብሮ አደጌም አብራኝ ተመደበች፤ አንድ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ለሁለት ይዘን ገባን። የማን መንግሥት ነበር፣ ምን ነበር የሚፈከረው፣ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ የማስታውሰው ሻይ በስሙኒ ሲጠጣ ነው፤ ያውም ባለቤቱ ወፍራም ብስኩት ጨምሮበት። የማስታውሰው ከታች እንደ ደወል የሚሰፋውን ሱሪ፣ ትከሻ ላይ የሚተኛውን ኮሌታ፣ በማበጠሪያ እየነፋን የምናቆመውን አፍሯችንን ነው። በዚያ ድንጋያማ መንገድ ላይ በታኮ ጫማ ስንሄድ እግራችን እየተጠማዘዘ፣ እንዳንወድቅ ተያይዘን እየሳቅን እንሄድ ነበር። አሁን ቀዳማይ ወያነ በሚባለው በኩል ከገበያው ጥግ አንድ አረንጓዴ በር ያለው ሻይ ቤት ነበር፤ ከጎኑ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን የሚረግጥ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰውዬው ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ በክራር የሚዘፈን ትግርኛ ይለቃል። ቃሉ ሳይገባን ዜማውን እንይዝና እሑድ ልብስ ስናጥብ እኛው የፈጠርነውን አማርኛ እያስገባን እናቀነቅነዋለን። አሞሌ ጨው የጫኑ ግመሎች በመንገዱ ሲያልፉ ልብስ ሰፊው መርገጡን አቁሞ ይጠብቃል፤ አቧራው ጨርቁን እንዳያበላሽበት ነው። ዛሬ በዚያ ጥግ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ተደርድሯል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ አረንጓዴውን በር ፈለግኩት፤ አጣሁት።

ቤት ስንፈልግ "የአገራችሁ ሰው አለች" አሉን። እትዬ ሸዋረገድ ይባላሉ። እሳቸውም ከእኛው አገር ከባላቸው ጋር መጥተው፣ ባላቸው ሲያርፉ በንግድ የቀሩ ሴት ናቸው። የአገራችንን አነጋገር ስንሰማ እናታችንን ያገኘን መስሎን ሁለታችንም አለቀስን። ወይ ሞኝነት። ከሳሎናቸው ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት የድንጋይ ክፍል ሰጡን። ስቶቭ የለም፣ ካውያ የለም፣ ማታ እንግዳ የለም፣ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት የለም ብለው ነገሩን። እሺ አልን። ምን እንላለን።

ያቺ ክፍል ሶኬት ነበራት። ቤቱን የሠራው ሰው ደህና አድርጎ በድንጋዩ መሃል ቀብሮ አስገብቶላት ነበር። እትዬ ሸዋረገድ ግን ተከራይ ኮረንቲ ይበላብኛል ብለው ክዳኑን አስነቅለው ጉድጓዱን በጄሶ አስደፈኑት፤ ከላዩ ኖራ አስቀቡት። ሽቦውን አላስቆረጡትም፤ ያው መስመር አልፎ ወደ ሳሎናቸው ይሄዳላ። ቆርጦ ሌላ መስመር መዘርጋት ልፋት ነው፤ ጄሶ መለጠፍ ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። እኛ ይህን አናውቅም። እኛ የምናየው ነጭ ግድግዳ ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ከእኛ ክፍል አልነበረም። ከግድግዳው ማዶ፣ ከእሳቸው ኮሪደር ላይ ነው የተሠራው። እኛ ዘንድ ያለው አምፖሉ ብቻ ነው። መሸት ሲል "እትዬ፣ ያብሩልን" እንላለን፤ ደስ ሲላቸው ያበራሉ። የሬዲዮው ዜና ሲያልቅ ቀጭ ያደርጉታል። እግራችንን እየታጠብን ይሁን፣ ለየእናታችን ደብዳቤ እየጻፍን ይሁን፣ ጥሩወርቅ ጠጉሬን ግማሹን ሠርታ ግማሹ ቀርቶ ይሁን፣ ቀጭ። ደመወዝ የምታገኝ፣ ታኮ ጫማ የምታደርግ ትልቅ ሴት የራሷን መብራት ማብራት አትችልም። እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ስገባ ማብሪያውን ራሴ ካልነካሁት ደስ አይለኝም። ሰው ቀድሞኝ ካበራ አጥፍቼ መልሼ አበራዋለሁ። ልጆቼ ይህንንም ይስቁበታል።

ደግሞ ቆጣሪያቸውን አታንሡብኝ። እትዬ ሸዋረገድ መነጽራቸውን አድርገው ቆጣሪው ፊት ይቆማሉ፤ ውስጡ የምትሽከረከረውን ክብ ነገር ያይዋታል። ፈጠን ካለችባቸው "ዛሬ ሮጠች" ብለው ይመጡና አልጋችን ሥር ጎንበስ ብለው ስቶቭ ይፈልጋሉ። ስቶቭ የለንም። ሶኬት የለንም፤ ስቶቩን ምን ላይ ልንሰካው ነው? ያለችን አንዲት በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ሬዲዮ ናት። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ያም ካልሆነ በጥርሳችን እንነክሰዋለን፤ አንድ ዘፈን ያህል ይነሣና ዘፋኙ እየሰመጠ፣ እየሰመጠ ይሄድና ዝም ይላል። ከግቢው ማዶ ክፍል የሚኖሩ አደይ መድህን የሚባሉ ጨው ቸርቻሪ ነበሩ፤ አሞሌውን በእንጨት ዘነዘና ወቅጠው ነው የሚሸጡት። እኛ ባትሪ ስናሰጣ ያዩና በዚያ ትግርኛ ትግርኛ በሚለው አማርኛቸው፣ "ይህቺ ሰበይቲ ፀሐይዋንም ብትደርስባት በጄሶ ትደፍናታለች" ይላሉ እትዬ ሸዋረገድን። ሳቃችንን በነጠላችን ነበር የምናፍነው።

አሁን ሁሉ ነገር ተለወጠ ይሉኛል። ምኑ ነው የተለወጠው? ቤት ልከራይ ብሎ የሄደን ተማሪ ጠይቁት። "ስቶቭ ክልክል ነው፣ ፍሪጅ ክልክል ነው፣ ስልክ ግን ቻርጅ ማድረግ ትችላላችሁ፤ እኛ ቤት አምጡት" ይባላል። ስልኩን ይዞ የአከራዩን በር ያንኳኳል፤ እሳቸው እስኪነሡ ይጠብቃል። ሶኬት አስገብቶ መልሶ የሚደፍን፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ከራሱ ሳሎን የሚያስገባ፣ ለአራት ክፍል አንዲት ቀጭን ሽቦ ስቦ "መስመሩ አይችልም" የሚል ሞልቷል። መስመሩ ካልቻለ የሚችል ሽቦ አይገባም ወይ? ለየክፍሉ ብሬከር አይገባም ወይ? የተማሪ ኪራይ በየወሩ ቤቱን ይጨምራል፣ ደርብ ያስወጣል፣ ቴራዞ ያስነጥፋል፤ ለሶኬት ሲሆን ግን ጄሶ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከመሥሪያ ቤታችን አንዷ ጸሐፊ ልታገባ ነበር። ጥሩወርቅ ለሠርጉ ያ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቀሚስ አሰፋች። ሰማያዊ የቴትረን ጨርቅ ነው፤ ከወገቡ በታች በፕሊሴ የተጣጠፈ፣ እጅጌው ከክርኑ በታች የሚሰፋ፣ ከኋላው እስከ አንገት በጨርቅ በተለበጡ ትንንሽ ቁልፎች የሚቆለፍ። እንደዚያ ያለ ቀሚስ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አልታየም ብል አልዋሸሁም። አደይ መድህን በከሰል ካውያቸው ተኮሱላት፤ "እንዳታጥፊው፤ ፕሊሴው ከተጨማደደ በእኛ ካውያ አይመለስም" አሏት። ቁም ሣጥን የለን። እሑድ ነበር፤ ክፍላችንን አጥበን ሲሚንቶውም ግድግዳውም ገና እርጥብ ነው፤ ባዶ እግራችንን ነን። ጥሩወርቅ ቀሚሱን በመስቀያ አድርጋ ለእኔ ሰጠችኝና ምስማርና የድንጋይ ስባሪ ይዛ ግድግዳውን ትሞክር ጀመር። ድንጋይ ነው፣ ይታጠፋል። ሌላ ቦታ ሞከረች፣ ታጠፈ። እየሳቀች፣ "እትዬ ሳይሰሙ ቶሎ" እያልኳት፣ መዳፏን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተች ስትፈልግ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። "አገኘሁት። እዚህ ጋ እንደ ቂጣ ነው" አለችኝ።

ምስማሩን በቀኟ ይዛ በግራዋ መታችው። ግራኝ ነበረች፤ ይህ በኋላ ምን ያህል እንደጠቀማት አታውቁም። ሁለተኛ ስትመታው ድምፅ አላወጣችም። ስትጮህ ብሰማ ይሻለኝ ነበር። አፏ ተከፍቶ ቀረ፤ እጇ ምስማሩን ጨብጦ አልለቅ አለ፤ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። እኔ ቀሚሱን ጥዬ ልይዛት ስል ከኋላዬ በትግርኛ "እንዳትነኪያት" የሚል ጩኸት ሰማሁና ቆምኩ። አደይ መድህን ናቸው። በዘነዘናው ክንዷን አንድ ጊዜ ቢመቱት ተላቀቀች፤ ወደቀች። ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው "አጆኺ፣ አጆኺ ጓለይ"፣ አይዞሽ ልጄ፣ እያሉ ፊቷን በውሃ ያብሱላት ጀመር። ሽታው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ የተቃጠለ ሥጋና እርጥብ ጄሶ።

እትዬ ሸዋረገድ ያን ጊዜ መጡ። ይህንን ነው እንግዲህ ይቅር ማለት ያቃተኝ። የገዛ አገራቸው ልጅ መሬት ላይ ተዘርራለች፤ እጇ ጠቁሯል። እሳቸው አለፏትና ግድግዳውን አዩ። ቀዳዳውን በጣታቸው ነካ ነካ ሊያደርጉ ሲሉ ትዝ አላቸውና ጣታቸውን መለሱ። አያችሁ፣ ያውቁ ነበር። ከዚያ ዘወር ብለው "ምስማር እንዳትመቱ ብያችሁ አልነበር?" አሉን። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ያን ቀን ያልኳቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ያሳደጉኝ ሰዎች ያፍራሉ።

ጥሩወርቅን ሐኪም ቤት አስተኝተን ከርመን ዕቃችንን ልናወጣ ስንመለስ ክፍሏ እንደገና ጄሶ ሸተተች። ቀዳዳዋ ተደፍናለች፤ ኖራ ተቀብታለች፤ አንድ ወጣት አስተማሪ ፍራሹን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ሽቦው ያው ነው። የደፈኑት ቀዳዳውን ብቻ ነው። ያን ልጅ ይዤ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፍራሹን ተሸክሞ ሄደ። እትዬ ሸዋረገድ ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔ ግን አላዞርም ነበር፤ ዐይን ዐይናቸውን ነበር የማየው። ሲሞቱም ቀብራቸው አልሄድኩም። የአገር ሰው እንዴት ትቀሪያለሽ ያሉኝ ነበሩ። ቀረሁ።

የጥሩወርቅ ቀኝ እጅ አልተመለሰም። አውራ ጣቷና ሁለቱ ተከታዮቹ ወደ ውስጥ ተኮማትረው ቀሩ። ከሁላችንም ፈጣን ታይፒስት እሷ ነበረች፤ አለቃችን "አቤት፣ ዝናብ" ይላት ነበር። በአንድ እጅ ታይፕ አይመታም አሏት። መዝገብ ቤት ፋይል ስታመላልስ ጥቂት ቆየችና ይቅርብኝ ብላ ወደ አገሯ ተመለሰች። የሄደች ቀን ያንን ሰማያዊ ቀሚስ ነበር የለበሰችው፤ ለሠርጉ ያልሆነውን። ከኋላዋ ያሉትን ትንንሽ ቁልፎች አንድ በአንድ እኔ ቆለፍኩላት። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆና በግራዋ አውለበለበችልኝ።

ሰው ግን ጥሩወርቅን አያውቃትም። አልተቀመጠችም። ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ከፈተች፤ አገባች፤ ወለደች። ወዳጅነታችንም አልተቋረጠም፤ ለሠርጌ መጣች፤ ልጆቼን ስወልድ ገንፎ ልታገነፋ መጣች፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ዓመት ሁሉ ትመጣለች። አንድ ነገር ብቻ አስምላኛለች፤ የእጄን ነገር ለማንም እንዳትነግሪ ብላኛለች። መታዘን አትወድም። ክፍሎም የአራት ወይ የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ያንን የተኮማተረ እጅ በሁለት እጁ ይዞ "እትዬ ጥሩዬ፣ ጣትሽን ማን ሰበረው?" አላት። "አንተ ነሃ" አለችው ሳቅ ሳትል። "ሕፃን ሆነህ ጣቴን ጨብጠህ አልለቅም አልክ። ጉልበትህ ነው የሰበረው።" አመናት። ዓመት ሙሉ ማንንም ሰው መጨበጥ ፈርቶ ነበር። ካደገ በኋላም መጥታ በሩን ስታንኳኳ "ይቅርታሽን ልጠይቅ መጣሁ" እያለ ያንን እጇን ይስማል፤ እሷም "ካሣዬን አምጣ" ትለዋለች። እንደ ጨዋታ ነው የሚያልፉት። እኔ ያኔ ሁልጊዜ ወጥ ላማስል ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህ ልጄ ጨለማ የማያውቅ ቢሆን አንድ ነገር ነው። በቅርቡ ያሳለፍነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ መብራትም ስልክም ባንክም የሌለበት ጊዜ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ግድግዳ ላይ እንዳሉ አቧራ ለበሱ፤ የቱ በርቶ የቱ ጠፍቶ እንደቀረ ረሳን። ከእኛ በላይ ካለው ቤት በፀሐይ የምትሠራ አንዲት ሰሌዳ ነበረች፤ ሰዎቹ ኤክስቴንሽናቸውን ወደ አጥራቸው በር አውጥተው የሰፈሩን ባትሪና ስልክ ሁሉ ተራ እያስያዙ በነጻ ይሞሉ ነበር። የማን ዘር ነህ፣ የማን ተከራይ ነህ ያለ የለም። መብራት የመጣ ቀን ደግሞ ሳሎናችን ማንም ሳይነካው በራ፤ ለካ ማብሪያውን አብርተነው ነበር የጠፋው። ክፍሎም፣ ያ ፂማም ሰውዬ፣ ከክፍል ክፍል እየሮጠ እያንዳንዱን እየነካ "ይሄም ይሠራል ማማ፣ ይሄም ይሠራል" ሲል አለቀሰ። በሰርቪሶቹም ገብቶ እያንዳንዱን ሶኬት በቴስተር ሞከረ። ያኔ እየሞከረ ያለቀሰላቸውን ሶኬቶች ነው አሁን የደፈናቸው።

ክፍሎም ሲመጣ ጥፍሩ ሥር ገና ጄሶ ነበረበት። ሜሮን ጋውኗን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ከጎኔ ቆማለች። "ምን ሆነሽ ነው ማማ፣ ሱቅ ጥዬ" አለ።

"ይቺን ማን ደፈናት?"

ወደ ግድግዳው አየና ትከሻውን ነቀነቀ። "እኔ ነኝ፤ ማለዳ እሷ ሳትገባ። ባለፉት ተከራዮች ዘንድ ስቶቭ አይተሽ የለ? መስመሩ ሊቃጠል ነው። ሁሉም አከራይ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ስልክ ከሆነ እኛ ቤት ትሰካለች።"

"ሽቦውንስ?"

"የኮረንቲ ናስትሮ ጠቅልዬበታለሁ።"

"ኮረንቲ አለው?"

"አለው፤ ያው ወደ ሌሎቹ ክፍሎች አምፖል ያልፋል። ግን ውስጥ ነው እኮ፣ ምን ያደርጋል?"

ተነሣሁ። ምስማሩን በአንድ እጄ፣ መዶሻውን በሌላው ዘረጋሁለት። "ይህች ልጅ ጋውን ልትሰቅል ነው። ምስማር ምታላት" አልኩት።

"እሺ፣ እዚህ በሩ ጋ..."

"እዚያ ድንጋይ ነው፤ ይታጠፋል። እሷ የመረጠችው እዚህ ነው" አልኩና ነጯ ላይ በምስማሩ ጫፍ ነካሁለት። "ናስትሮ ጠቅልለህ የለ? ምታው።"

"ማማ፣ ኮረንቲ አለው እኮ አልኩሽ።"

"ሰምቼሃለሁ። ምታው። እንደ እሷ ባዶ እግርህን ሁን፤ እንደ እሷ ሳታውቅ ምታው።"

ምስማሩን አልተቀበለኝም። ሜሮንን አያት፤ ነጯን አያት፤ የሜሮንን እግር አየ። ነጠላ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ባዶ እግሯን ነበረች። ያን ጊዜ ነው መሐላዬን ያፈረስኩት። ጥሩዬ ይቅር በይኝ፤ ባልነግረው እሱም ጄሶ ደርቦበት ይሄዳል። ቀሚሱን፣ እንደ ቂጣ የለሰለሰውን ግድግዳ፣ የአደይ መድህንን ዘነዘና፣ እትዬ ሸዋረገድ መጀመሪያ ያዩት ምኑን እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የነገርኩት፤ ጎረቤት ይስማ። "ይህ ቤት የእኔና የአባትህ ነው" አልኩት። "ዛሬ የደፈንካቸውን ሁሉ ትፈለፍላለህ። ሶኬቱን ትመልሳለህ፤ ምድር የሚገባውን ሽቦ ታስገባለህ። ስቶቭ የምትፈራ ከሆነ ደህና ሽቦ ዘርጋና ለየክፍሉ ብሬከር አስገባ። እምቢ ካልክ ቁልፉን እዚህ አስቀምጥ፤ እኔው አከራያለሁ።"

ወጣና ከዋናው ኮረንቲውን አጠፋ፤ ፍሪጁ ዝም ሲል ሰማሁ። የድንጋይ መሮውን፣ ስካርፔሎውን፣ ይዞ ተመልሶ ገባና አልጋውን ገፋ አድርጎ ጄሶውን ይፈለፍል ጀመር። ገና እርጥብ ስለሆነ በጣትም ይነሣል። ሜሮን ጋውኗ ነጭ እንዳይረጭበት ወደ ደረቷ ሰበሰበችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ንዴቴ አልበረደልኝም፤ አሁንም አልበረደም። የሶኬቱ ጉድጓድ ተከፍቶ የተጠቀለለው ሽቦ ብቅ ሲል ክፍሎም እጁን አቆመ። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

"ስለዚህ እኔ አልነበርኩም" አለኝ። "የእትዬ ጥሩዬን እጅ።"

"አልነበርክም" አልኩት። "ዛሬ ግን ልትሆን ነበር።"